የሚሰናበት መምህር በተተኪው ቅጥር ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል?

ዳሞት

ጤና ይስጥልኝ። ጎጃም ውስጥ ከሚገኙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ በግብርና ዘርፍ ባለ ትምህርት ክፍል አስተምራለሁ። የትኛው እንደሆነ መናገሩ ለጥያቄዬ አይጠቅምምና ልለፈው። የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ አባል እንደመሆኔ በቅርቡ ድምፅ በምሰጥበት አንድ ጉዳይ ላይ፣ በሌሎች ግቢዎች ያላችሁ ባልደረቦች እንዴት እንደምታደርጉ ለመጠየቅ ነው የምጽፈው።

በአፈር ሳይንስ ለረጅም ዘመን ያገለገሉን አንድ ተባባሪ ፕሮፌሰር 60 ዓመት ስለሚሞላቸው በበጀት ዓመቱ መጨረሻ በጡረታ ይሰናበታሉ። የሚለቁት የሥራ መደብ በሌላ ሰው እንዲሞላ ተፈቅዷል፤ እንደምታውቁት በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ቅጥሩ እርሳቸው ከመውጣታቸው በፊት እንዲያልቅ ይፈለጋል። የማስታወቂያውን መስፈርት የሚያረቅና በኋላም አመልካቾችን የሚመዝን አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ጉባኤው እርሳቸውን ሰብሳቢ አድርጎ መረጠ። ያን ጊዜ የተቃወመ አልነበረም፤ ለአንጋፋ መምህር ከሚሰጥ ክብር እንደ አንዱ ተቆጥሮ አለፈ። ማስታወቂያው ገና አልወጣም፤ ሆኖም ማን እንደሚያመለክት ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛ ዲግሪውን በእርሳቸው አማካሪነት የሠራ፣ ከዚያም ሦስተኛ ዲግሪውን በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቀ፣ እርሳቸውም እንደ ልጃቸው የሚያዩት ወጣት ነው። በረቂቁ መስፈርት ውስጥም «በአሲዳማ አፈር አያያዝ ላይ የታተመ የምርምር ሥራ ያለው» የሚል ሐረግ ገብቷል።

በዚህ ላይ ከኮሚቴው አባላት ሌላው፣ ወደ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ለመሄድ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቷል። ስለዚህ አዲሱ መምህር ሥራ ሲጀምር ከመረጡት አምስት ሰዎች ሁለቱ በግቢው አይኖሩም ማለት ነው። አንዳንድ ወጣት መምህራን «አብሮ ለማይሠራ ሰው የሥራ ባልደረባ የመምረጥ መብት ለምን ይሰጠዋል?» እያሉ፣ ሁለቱም ከኮሚቴው እንዲወጡ ጥያቄ ሊያቀርቡ ነው።

እኔ ልቤ ሁለት ቦታ ነው። ፕሮፌሰሩ የሚሉት መሠረት የሌለው አይደለም። ከአዊ እስከ ምዕራብ ጎጃም ያለው ደጋ አፈር ምን ያህል እንደተጎዳ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በመካከላችን የለም። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ገብስና ስንዴ ይዘራበት የነበረውን መሬት ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ለከሰል ወደማዋል የዞረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የመሬቱ መድከም ነው። በኖራ ማከምን የሚያስተምርና የሚመራመር ሰው ከጠፋ ትምህርት ክፍሉ ለቆመበት አካባቢ የሚሰጠው ጥቅም እንደሚቀንስ አምናለሁ። የቀረነው የኮሚቴው አባላት የሰብል፣ የአትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም የመሬት መረጃ ሥርዓት ባለሙያዎች ነን፤ የአፈር ኬሚስትሪ ዕጩን በምን ዕውቀታችን እንመዝናለን? በሌላ በኩል ደግሞ ወጣቱ ቢቀጠር ለዓመታት «የፕሮፌሰሩ ምርጫ» ሲባል እንደሚኖር ይታየኛል። እናንተ ዘንድ ይህ እንዴት ይፈታል?

የዋሸራ ልጅ

ወንድሜ ዳሞት፣ ጥያቄህን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እኔ ከጡረታ አፋፍ ላይ ካሉት ወገን ነኝና አስተያየቴን በዚያው ዓይን ተመልከተው።

ለመሆኑ በጎጃም ምድር ተተኪን የሚያሳውቅ ማን ነበር? በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ የቅኔ ወንበር ለማን እንደሚገባ የሚናገሩት የኔታ ናቸው። ተማሪው ቆጠራውን እየሰማ፣ ቅኔውን እየዘረፈ፣ ሲስት እየታረመ ዓመታትን በጉባኤው ሲያሳልፍ ያዩት እርሳቸው ናቸውና ምስክርነታቸው ከማንም በላይ ይከበራል። «የኔታ ሊያርፉ ስለሆነ ስለ ተማሪያቸው አይመስክሩ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንድን ወጣት ምሁር በሠላሳ ደቂቃ የማሳያ ትምህርትና በጥቂት የቃል ጥያቄ ከሚመዝኑት ይልቅ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤቱ አልመጣ ሲለው ቁጥሩን ለማሳመር ተፈትኖ አለመፈተኑን ያየ አማካሪ የበለጠ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ከበር ውጭ አስቀምጦ መምረጥ ፍትሕ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው። ወጣቶቹ ባልደረቦችህ ተሰናባቹ በውጤቱ አይነካም፣ ስለዚህ አያገባውም ይላሉ። እኔ ደግሞ የማይነካ በመሆኑ ይበልጥ ነፃ ነው እላለሁ። የሚቀሩት ሰዎች ጥቅም የላቸውም? መደቡ ባዶ በቆየ ቁጥር ኮርሶቹ ለቀሩት ይከፋፈሉና የኦቨርሎድ (ከመደበኛው በላይ የማስተማር) ክፍያ ያገኙባቸዋል፤ የደመወዛችን ነገር በሚታወቅበት በዚህ ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የትምህርት ክፍል ኃላፊነቱን የሚጠባበቅ ሰው ከእርሱ የሚበልጥ ሰው እንዲመጣ አይሻም። ሦስተኛ ዲግሪ ያልያዘው ሦስተኛ ዲግሪ የያዘ ወጣት ሲመጣበት ይከፋዋል። ተሰናባቹ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ከኃላፊም ከዲንም የሚፈራው የለምና ሌሎች በሆዳቸው የያዙትን እርሱ በአደባባይ ይናገራል። ብዙ ዓመት በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች «ይህ ሰው አይበቃም» የሚለውን ደፋር ቃል የሰማሁት፣ የሥራ ዘመኑ ካለቀ ሰው አፍ ነው።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባውን ግን እኔም አልደግፍም። ሰውየው ልቡ ሄዷል፤ ፋይል አያነብም። አንድ ቀን ተቀምጦ ሲፈርም ነው የምታገኘው።

ጸሐፊዋ

አባታችን የዋሸራ ልጅ ስለ ኦቨርሎድ የተናገሩት እውነት ነው፤ በአደባባይ ስለተናገሩትም አመሰግናለሁ። በቅኔ ቤቱ ላይ ግን ልለይ። የኔታ ስለ ተማሪያቸው የሚመሰክሩት ተማሪው በካህናትና በሊቃውንት ፊት ቆሞ ቅኔውን ካሰማ፣ የሰማውም ሁሉ ምሥጢሩንና ቤት አመታቱን ካብጠለጠለ በኋላ ነው። ምስክርነቱን የሚያስከብረው ይህ የአደባባይ ፈተና ነው። ከዚህም ሌላ ጥሩ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወንበር የሚዘረጋው ከመምህሩ ደጅ ርቆ ሄዶ ነው። የእኛ ኮሚቴ በር ዘግቶ ውጤት ሲሞላ ይህ ሁሉ የለም።

በተለያዩ የቅጥር ኮሚቴዎች ውስጥ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ቆይቻለሁና፣ አቶ ዳሞት፣ እርስዎ ጥያቄውን በድምፅ ላይ ማተኮርዎ ዋናውን ቦታ የሳተ ይመስለኛል። ከአምስት ድምፅ አንዱ ያን ያህል ኃይል የለውም። የተሰናባች መምህር ተጽዕኖ የሚያርፈው ከድምፁ ቀድሞ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ሐረግ፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው የስልክ ጥሪ፣ የፈተናው ጥያቄ ከማን ኮርስ እንደሚወጣ፣ ነጥብ ሲሞላ «በሙያው አግባብ ያለው ልምድ» ለሚለው ረድፍ ስንት እንደሚሰጥ፤ አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይለያል። እርስዎ የጠቀሱት «በአሲዳማ አፈር አያያዝ ላይ የታተመ የምርምር ሥራ ያለው» የሚለው ሐረግ በአመልካችነት የሚታሰበውን ሰው ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ፕሮፌሰሩ ነገ ከኮሚቴው ቢወጡም ውጤቱ አይለወጥም። ድምፃቸውን ነስታችሁ ሐረጉን ከተዋችሁ ሽማግሌውን አሳዝናችሁ ምንም ሳታተርፉ ትቀራላችሁ።

ስለዚህ ሥራውን በጊዜ ብትከፍሉት መልካም ነው። ማስታወቂያው እስኪወጣ ድረስ ፕሮፌሰሩን አድምጡ፤ እንዲያውም በቃል ብቻ አይሁን፣ በጽሑፍ ይስጧችሁ። የትኞቹን ኮርሶች ማን ሊይዛቸው እንደሚገባ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራና የትኛው እንደተበላሸ፣ ገና ያልተመረቁትን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻቸውን ማን እንደሚረከብ፣ ከገበሬዎች ማሳ ላይ የተጀመረ ሙከራ ካለ ምን ላይ እንደደረሰ፣ ትምህርት ክፍሉ በሚቀጥሉት ዓመታት ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚያስፈልገው ይጻፍ። ይህ ሰነድ ለጉባኤው ሁሉ ይነበብ፤ ከዚያ መስፈርቱን ጉባኤው ራሱ ይወስን። እኔ ብሆን ያንን ሐረግ «በአፈር ኬሚስትሪ ወይም በአፈር ለምነት» ብዬ አሰፋው ነበር፤ የአሲዳማ አፈሩ ሥራ እንደ ተጨማሪ ነጥብ ይታያል እንጂ በር መዝጊያ አይሆንም። ከዚያ ማስታወቂያው በወጣበት ዕለት ፕሮፌሰሩ ከኮሚቴው ይሰናበታሉ። ይህ እርሳቸውን ለይቶ ማባረር እንዳይመስል ውሳኔው ማንም አመልካች ከመመዝገቡ በፊት፣ በሰው ስም ሳይሆን በአጠቃላይ ደንብ መልክ ተጽፎ በቃለ ጉባኤ ይግባ።

ሁለቱን ተሰናባቾች በአንድ ሚዛን አትመዝኗቸው። የዋሸራ ልጅ ስለሚለቀው ባልደረባ ያሉትን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱ ስንፍናው ብቻ አይደለም። ነገ ከእናንተ ጋር በፕሮጀክት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ከአመልካቾቹም አንዱን ይዞ መሄድ ይፈልግ ይሆናል። እርሱን ዛሬውኑ በሌላ አባል ተኩት።

ጡረተኛውን በተመለከተ ደግሞ ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ጠይቁ፤ እርሳቸው በኮንትራት ወይም በአገልግሎት ማራዘሚያ ለመቀጠል አመልክተዋል? ይህ ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀኛል። ቅጥሩ ካልተሳካ ኮርሶቹን የሚይዝ ሰው ስለማይኖር መጀመሪያ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ሁሉንም አመልካች ጥሎ «ብቁ አልተገኘም» ማለት ለራሳቸው ወንበር መጠበቂያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያደርጋሉ አላልኩም፤ ነገር ግን ይህ በር ክፍት ሆኖ ሳለ የዋሸራ ልጅ እንዳሉት «ከጥቅም ነፃ ነው» ማለት አንችልም።

የሙያ ዕውቀት ያለው መዛኝ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ ይህ መቸገር የለበትም። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው፤ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የአፈር ባለሙያዎች አሉ። አንድ የውጭ መዛኝ የአመልካቾቹን የታተሙ ሥራዎች አንብቦ የጽሑፍ አስተያየት ቢሰጥ፣ የሰብል ባለሙያዎቹ የማስተማር ችሎታውን ለመመዘን አይቸገሩም። የአበልና የትራንስፖርት ጉዳይ ይነሳባችኋል፤ የጽሑፍ አስተያየት ግን መምጣትን አይጠይቅም።

ዳሞት

እህቴ ጸሐፊዋ፣ የአገልግሎት ማራዘሚያውን ነገር ጠይቄ ነበር። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አላመለከቱም፤ ኃላፊው ግን «ሰው ከጠፋ እንለምናቸዋለን» ማለቱን ሰምቻለሁ። ኃላፊው ራሱ የፕሮፌሰሩ ተማሪ እንደነበር አልጨመርኩም፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛ መካከል የእርሳቸው ተማሪ ያልነበረው ጥቂት ነው። አማካሪ የነበረ አይመዝን የሚል ደንብ ብናወጣ፣ ተማሪ የነበረውስ አማካሪውን ሊቃወም ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ስለ ሐረጉ የተነገረው ገብቶኛል። ሐረጉን ማስፋት ግን የራሱ ዋጋ እንዳለው ልብ በሉልኝ፤ «በአፈር ኬሚስትሪ ወይም በአፈር ለምነት» ካልን በመስኖ መሬት ጨዋማነት ላይ የሠራ ሰው አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ጥሩ ሳይንቲስት ይሆናል፤ የእኛ ገበሬ ችግር ግን ጨው አይደለም።

የራይን ተመላሽ

የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በጀርመን አገር ተከታትዬ ስለተመለስኩ በዚያ ያየሁትን ላካፍል፤ እዚህ ይገለበጥ ለማለት አይደለም።

በጀርመን የፕሮፌሰር ወንበር ሲለቀቅ ተተኪውን የሚፈልግ ኮሚሽን ይቋቋማል፤ ወንበሩን የሚለቀው ፕሮፌሰር በኮሚሽኑ ውስጥ መቀመጡ እንደ ነውር ይታያል። ኮሚሽኑ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አባላትን ይጨምራል፤ በውጭ ባለሙያዎች የጽሑፍ ግምገማ ላይ ተመሥርቶም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስሞችን በደረጃ ያቀርባል። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ሰው በራሱ ወንበር ላይ በፕሮፌሰርነት መሾሙ በሕግ የተገደበ፣ በልዩ ሁኔታ ብቻ የሚፈቀድ ነገር ነው። ወጣቱ ምሁር ከመምህሩ ጥላ ወጥቶ ሌላ ቦታ መቆም እንዲችል ይገደዳል። ጸሐፊዋ ስለ ቅኔ ተማሪው ርቆ መሄድ ያነሱት ነገር እዚያ በሕግ ተጽፎ ይገኛል ማለት ይቻላል።

የአሜሪካው ሁኔታ የተለየ ነው። እዚያ ቅጥሩን የሚወስነው በዋናነት የትምህርት ክፍሉ መምህራን ድምፅ ሲሆን፣ የሚሰናበተው ሰው ድምፅ ይስጥ አይስጥ የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ1994 መጀመሪያ ወዲህ ቋሚነት ያገኘ ፕሮፌሰር በዕድሜ ምክንያት በግዴታ ጡረታ መውጣቱ በሕግ ቀርቷል። መውጫ ቀኑን የሚመርጠው ራሱ ፕሮፌሰሩ ስለሆነ፣ «መደቡ በእኔ ዘርፍ እንደሚሞላ ካልተረጋገጠ አልወጣም» ብሎ መደራደር ይችላል። እኛ ዘንድ 60 ዓመት የታወቀ ወሰን ነው። በዚህ ምክንያት የፕሮፌሰሩ የመደራደር ኃይል አነስተኛ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ትምህርት ክፍሉ መምህሩ የሚወጣበትን ዓመት ቀድሞ ያውቃልና ለመዘጋጀት ሰበብ የለውም። ተተኪ የማፈላለጉ ውይይት ሰውየው ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ለምን ይጀመራል? ከሁለት ዓመት በፊት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ረዳት ምሩቅ ወይም ሌክቸረር ተቀጥሮ ከእርሳቸው ሥር ሊሠራ፣ ሌሎቻችሁም በሥራው ላይ ልታዩት ትችሉ ነበር። ለእኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃም ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በዕድሜ እኩል አይደሉም። ባሕር ዳር በ1955 ከተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ጀምሮ የሚቆጠር ታሪክ ስላለው መምህራንን በጡረታ ሲሸኝ ኖሯል። ደብረ ማርቆስ ማስተማር የጀመረው በ1999 ነው፤ እንጅባራ ደግሞ በ2010። በአዳዲሶቹ ተቋማት ትምህርት ክፍሉን የመሠረቱት ሰዎች ገና አሁን መውጣት መጀመራቸው ነው፤ ስለዚህ ስለ ስንብት የሚባል ልማድ የላቸውም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማቱ መምህራናቸውን ራሳቸው እንዲመለምሉ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፤ ዝርዝሩ ግን በሴኔት ሕግና በትምህርት ክፍሎች አሠራር የሚሞላ ነው። መሥራች የሆነ መምህር ደግሞ ከተራ ጡረተኛ ይለያል፤ ካሪኩለሙን የጻፈው፣ ላቦራቶሪውን የከፈተው፣ ግማሹን መምህር ያስተማረው እርሱ ነው። ከኮሚቴ ቢወጣም በኮሪደሩ ላይ አለ። ዳሞት የገለጹት ችግር ይህ ይመስለኛል፤ ከኮሚቴው አምስት አባላት ሦስቱ ተማሪዎቹ ከሆኑ የእርሱ ድምፅ አንድ ሳይሆን አራት ነው፤ ወንበሩን ቢለቅም ሦስቱ ይቀሩለታል። ከትምህርት ክፍሉ ውጭ፣ ምናልባትም ከሌላ ኮሌጅ ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጓችኋል።

አንዱ ተቀጣሪ

እኔ በሌላ አገር ክፍል ባለ ተቋም ውስጥ በዚሁ መንገድ የተቀጠርኩ ሰው ነኝ። አማካሪዬ ሊወጡ ሲሉ ተወዳድሬ አለፍኩ። ፈተናውን በሚገባ እንደሠራሁ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ውጤቱን ከሞሉት መካከል እርሳቸው ስለነበሩ ይህንን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። በመጀመሪያው ዓመት ማንም ያልፈለገው ኮርስ ሁሉ ለእኔ ተሰጠ፤ ለአጭር ሥልጠና ስም ሲጠራ የእኔ ይዘለል ነበር። አማካሪዬ ወጥተው ስለሄዱ የሚከራከርልኝ ሰው አልነበረም። እርሳቸው በፍቅር ያደረጉት ነገር ሂሳቡ የተጠየቀው ከእኔ ነው። የሰነበተ ቂም ያላቸው ባልደረቦች ለእርሳቸው መናገር ያልደፈሩትን በእኔ ላይ ተወጡት።

ስለዚህ ለፕሮፌሰሩ ሊነገራቸው የሚገባው፣ ከኮሚቴው ሲወጡ የሚጠቅሙት ለወጣቱ መሆኑ ነው። እርሳቸው በሌሉበት፣ የውጭ መዛኝ ባለበት ቢያልፍ ማንም ጣቱን አይቀስርበትም። ይህን የሚነግራቸው ደግሞ የሚያከብራቸው ሰው ይሁን፤ በስብሰባ መካከል በአቤቱታ መልክ ከቀረበባቸው ክብራቸው ተነክቶ ይገትራሉ፣ ልክም ናቸው።

የዋሸራ ልጅ

የመጨረሻው ጽሑፍ ልቤን ነክቶታል። በአማካሪነት ዘመኔ ተማሪዬን ደግፌ ስናገር ከዚያ በኋላ ስለሚያገኘው ነገር አስቤ አላውቅም ብል አላጋንንም።

አቋሜን ግን ሙሉ በሙሉ አልለውጥም። ፕሮፌሰሩ ነጥብ አይስጡ፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ስለ አመልካቹ የሚያውቁትን በፊርማቸው ጽፈው ያስገቡ፤ ለሌሎቹም አመልካቾች አማካሪዎቻቸው እንዲሁ ይጻፉ። ያኔ ምስክርነት በምስክርነት ይመዘናል። የድጋፍ ደብዳቤ አገራችን ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ምስጋና የሚገለበጥበት ወረቀት ሆኗልና «የዚህ ሰው ድክመት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በግልጽ ይቅረብላቸው። ለዚያ ጥያቄ በቅንነት የሚመልስ አማካሪ ስለ ጥንካሬው የሚናገረውም ይታመናል።

በኮሪደሩ ስላለው ተጽዕኖ የራይን ተመላሽ የተናገሩትን ደንብ አያስቆመውም። ፕሮፌሰሩን ቡና የሚጋብዛቸው የቀድሞ ተማሪ ነገ ስለ ቅጥሩ ቢጠይቃቸው ይነግሩታል። ይህን የሚከለክል ሴኔት የለም።

ዳሞት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከፕሮፌሰሩ ጋር ብቻዬን ተቀምጬ ተነጋገርኩ፤ ሐሳቡን ያቀረብኩላቸው በአንዱ ተቀጣሪ ምክር መሠረት ስለ ወጣቱ በማንሳት ነው። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እኔ የምፈራው እርሱ እንዳይቀጠር ሳይሆን መደቡ ወደ መሬት መረጃ ሥርዓት እንዳይዞር ነው» አሉኝ። እኔም ሆንኩ ወጣቶቹ ይህን አላሰብነውም ነበር፤ ሁላችንም ስለ ሰውየው ስንጨነቅ እርሳቸው የሚጨነቁት ስለ ዘርፉ ነበር። መደቡ በአፈር ሳይንስ እንደሚሞላ ጉባኤው አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ካጸና፣ ማስታወቂያው በወጣበት ቀን ከሰብሳቢነቱም ከአባልነቱም እንደሚለቁ፣ የርክክብ ሰነዱንም እንደሚጽፉ ተስማምተዋል።

ለጉባኤው የማቀርበው ረቂቅ እንዲህ ይላል፤ «በጡረታ፣ በራስ ፈቃድ ወይም በሌላ ምክንያት ከሥራ ለመሰናበት የተወሰነለት መምህር የሚለቀው መደብ የትኛውን ዘርፍ እንዲሸፍን በጽሑፍ አስተያየት ይሰጣል፤ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ግን በማጣራት፣ በፈተና ዝግጅትና በነጥብ አሰጣጥ አይሳተፍም። የአመልካች አማካሪ የነበረ ማንኛውም የኮሚቴ አባል ለዚያ ቅጥር በውጭ አባል ይተካል።» የጨዋማነቱን ነገር በተመለከተ፣ በአሲዳማ አፈር ላይ የሠራ ተጨማሪ ነጥብ እንዲያገኝ እንጂ ሌላው እንዳይታገድ አድርገን አስተካክለነዋል። ቀዳዳ ካያችሁበት ንገሩኝ።

ጸሐፊዋ

አንድ ቀዳዳ አለው። «ለመሰናበት የተወሰነለት» የሚለው የመልቀቂያ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይዞ የሚጠብቀውን አይነካም። «የመልቀቂያ ጥያቄ ያቀረበ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የጡረታ ዕድሜው የሚደርስ» ብላችሁ ጻፉት፤ ደብዳቤውን የደበቀው ሰው በኋላ ከተገኘም የሰጠው ነጥብ እንዲሰረዝ ጨምሩበት። ተጨማሪ ነጥቡም ስንት እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ በቁጥር ይቀመጥ፤ ካልተቀመጠ ነጥብ በሚሞላበት ዕለት ያድጋል።